በጋሽ ሣህሉ አጥር ሥር

ኢንስፔክተር ወርቂቱ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ስትደርስ ሬሳው ገና እቤት ውስጥ ነበር። ውጭ፣ ከግንቡ አጥር ሥር፣ ዘጠኝ ሰው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ተደርድሯል። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰሏት፤ ጠጋ ስትል ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ምን ትሠራላችሁ እዚህ?»

አንዱ ጎልማሳ ቀና እንኳ ሳይል መለሰላት። «ዋይፋይ ነው፣ እትዬ። ጋሽ ሣህሉ አርፈዋል አሉ፣ ነፍስ ይማር። ሳያጠፉት እንጨርስ ብለን ነው።»

ወርቂቱ ምላሷ ሥር የመረረ ነገር ተሰማት። ከኪሷ ሎሚ አውጥታ አሸተተችና በሩን ገፍታ ገባች።

ጥቅምት 2009 ነው። የስልክ ዳታ ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ኢንተርኔት የቀረው የቤት መስመር ያስገባ ሰው ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቤት አጥር ሥር ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ሰዉ መልእክቱን ስልኩ ውስጥ ጽፎ ያጠራቅማል፤ ከዚያ አንዱ ግንብ ሥር ሄዶ ይቆማል፤ ያጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይሄድለታል። «ማራገፍ» ይሉታል። «ላራግፍ ሄጄ መጣሁ» ይላል ሰው፣ ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰ ይመስል።

ጋሽ ሣህሉ ሶፋው ላይ ተጋድመዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። በገዛ ሶፋቸው ትራስ ታፍነዋል። ትራሱን ከፊታቸው ያነሳችው ፋንቱ ነች፣ ዓርብ ዓርብ ልብስ የምታጥብላቸው ሴት። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ምንጣፉ ላይ ወድቆ ጉንዳን ሰፍሮበታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ አንዱ ተጠጥቶ አልቋል፣ ሌላው እንደሞላ ዝንብ ተንሳፍፎበታል። በሩ አልተሰበረም። መደርደሪያው ላይ፣ ዳንቴል የለበሰው የዋይፋይ ዕቃ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ጌታው መሞቱን የነገረው የለም።

«ሻይ ያቀረቡለት ሰው ነው የገደላቸው፣» አለች ወርቂቱ።

«ሻይማ ለማንም ያቀርባሉ፣» አለች ፋንቱ እያለቀሰች። «ለተጣሉት ሰው እንኳ ያቀርባሉ።»

«ከማን ተጣልተው ነበር?»

«ከማን ያልተጣሉ? ያ ዋይፋይ ከመጣ ወዲህ ቤቱ ጸብ ብቻ ሆነ። ማን ይግባ ማን አይግባ በደብተር ይጽፋሉ። ያስቀየማቸውን ስልኩን ይዘጉበታል። ማክሰኞ ልብስ ሰፊውን ኢርፋንን ዘጉትና ‹ያዩታል› ብሎ ጮኸባቸው፤ ሰፈር የሰማው ነው። ከወንድማቸው ልጅ ከዳግማዊም ጋር ከተኳረፉ ስምንት ወር ሆናቸው።»

«በምን?»

«በአጋሮው መሬት። መሬቱ የጋሽ ሣህሉ ነው፣ የሚያሠራው እሱ። ያን የጥንት ቡና ነቅሎ ጫት ተከለበት። ‹ከዘንድሮ ምርት በኋላ ከመሬቴ ትወጣለህ› አሉት።»

ሰማያዊው ደብተር፣ ዋይፋዩን ከሚቆጣጠሩበት ታብሌት ጋር፣ እዚያው ከዋይፋዩ አጠገብ ነበር። ወርቂቱ መጨረሻ የተጻፈበትን ገጽ ገለጠች። የቢሮ ሰው ጽሕፈት ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ። «ኢርፋን፣ ልብስ ሰፊ። ማክሰኞ ተዘግቷል። ምክንያት፦ ያለ ፈቃድ አሥር ሰው ማስገባት።»

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ቲጃኒ ከኋላዋ መጥቶ ደብተሩን ከእጇ ወሰደው። «በቃ፣ ይኸው። ዛቻም አለ፣ ምክንያትም አለ። ልጁን አምጡት። ደብተሩን ኤግዚቢት ካዝና አስገቡት።»

«ገና አንድ ገጽ ነው ያነበብነው።»

«አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝሽ አትለቂም። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፣ ልጁም ወህኒ ይወርዳል።»

ኢርፋን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በቾ ቦሬ ሰፈር ከቤቱ ደጃፍ የስፌት መኪና ዘርግቶ ይሠራል። ጣቢያ ሲያመጡት ሜትሩ ገና አንገቱ ላይ ነበር።

«‹ያዩታል› ብለሃል፣» አለችው ወርቂቱ።

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው፣ ዋላሂ። ‹ያዩታል› ያለ ሁሉ ሰው ይገድላል እንዴ?»

«አሥር ሰው ማስገባትህስ?»

«የይለፍ ቃሉን ለአንድ ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱ ለዘጠኝ ነገረ።»

«ሐሙስ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?» ሐኪሙ ሞቱ በዚያ መካከል ነው ብሏል። ለሠርክ ጸሎት ቀርተው የማያውቁት ሰውዬም ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን አልታዩም።

«ሌላ አጥር ሥር ነበርኩ። ሆቴሉ ጀርባ።»

«ከማን ጋር?»

ኢርፋን ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለው። «ስማቸውን ብነግርዎት ማን ‹አዎ፣ ነበርኩ› ይላል? ጊዜው ነው። ‹ለምን ተሰበሰባችሁ› ቢባሉስ?»

ይህን ወርቂቱም ታውቀዋለች። ሦስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ሲያወራ በክፉ ዓይን የሚታይበት ሰሞን ነበር። አጥር ሥር የሚቆም ሰው ለፖሊስ ስሙን አይሰጥም።

ከጣቢያው ስትወጣ የኢርፋን ሚስት ሳቢሃ በሩ ላይ ጠበቀቻት። የስልክ ካርድ፣ ቻርጀር፣ የስልክ ሽፋን የምትሸጥ፣ የተበላሸም የምትጠግን ሴት ነች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነች።

«አዳዳ፣» አለቻት፣ የአባት እኅትን በሚጠሩበት አጠራር። «ሜ፣ እባክዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰኞ ይወስዱታል?»

«ሰኞ።»

«ልጄ አባቱን በወህኒ አጥር ሊያየው ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ።»

«ታዲያ ማን ይወቅልኝ?» አለች ሳቢሃ።

ወርቂቱ ስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ፖሊስ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መልስ ያጣችለትን ጥያቄ ይዛ ማደር አሁንም አለመደችም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተተከለ። ያስተከለው ዳግማዊ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ አንገቱ የወፈረ ሰው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከሁሉ በላይ ያለቅሳል። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሲቀመጥ ይረግባል። ወርቂቱ አሥር ደቂቃ ቆማ ተመለከተችውና ጠጋ አለችው።

«ሐሙስ የት ዋልክ?»

«አጋሮ፣ ቡና ማጠቢያው። ጠዋት ገባሁ፣ ማታ ወጣሁ። መኪናዬ ደጅ ቆማ ነው የዋለችው፣ ሠራተኛውን ሁሉ ይጠይቁ።» በነጠላው ጥግ ዓይኑን ጠረገ፤ ጥጉ አልረጠበም። «ስልኬንም ያስመርምሩ።»

«እዚህ ቤት መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?»

«ስምንት ወር። ‹እግርህ እንዳይረግጥ› አሉኝ፣ አልረገጥኩም። የረገጥኩት ሬሳቸው ላይ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን አውሬ ስለያዛችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የሚሰቅሉት ከሆነ ገመዱን እኔ ነኝ የማቀርበው።»

ኮማንደሩ አስጠይቆ ነበር። የዳግማዊ ቁጥር ሐሙስ ሙሉ ቀን ከአጋሮ አልወጣም። መኪናውንም ሠራተኞቹ አይተዋል።

ቅዳሜ ቀብር ሆነ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ወርቂቱ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን የደፋው ሁሉ ስልክ ይነካካል። አንዱ ሰውዬ ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሏት አጎንብሳ ብታይ የሚያየው ነገር አስቆት ነው። ከጎኑ ያለችው ሴት በአንድ እጇ ንፍሮ ትቆረጥማለች፣ በሌላው የልጇን ምርቃት ፎቶ ለዘመድ ትልካለች። የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ካርቶን ተለጥፏል፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃሉ በትልቁ ተጽፎበታል።

«ማን ነው ይህን የለጠፈው?» አለች ፋንቱን።

«ዳግማዊ። ለቅሶ ደራሽ እንዳይቸገር ብሎ።»

ወርቂቱ ሎሚዋን አሸተተች። ከሬሳው ይልቅ ይኼኛው ከረፋት።

የሟች ልጅ መቅዲ ከአዲስ አበባ ዓርብ ማታ ነበር የደረሰችው። አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ አባቷን በሳምንት ሁለቴ በዋይፋዩ ታያቸው ነበር። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ወርቂቱን በእጇ ጠራቻት።

«ዳግማዊን ጠየቃችሁት ሲሉ ሰማሁ። እሱን ተዉት እባክዎ። ይኸው ይዩ።» ስልኳን ሰጠቻት። «ሐሙስ ቢሮ ሆኜ ነው የደረሰኝ። አባዬ እዚህ ሲታፈን እሱ እዚያ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ወዲያው ደወልኩለት፣ ጠራ፣ አላነሳም። ሥራ ላይ ነበር።»

ሦስት ፎቶ ነው። በቅርጫት የሞላ ቀይ እሸት ቡና። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች። ከዚያ ዳግማዊ ራሱ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው መጋዘን ፊት ቆሞ ሲስቅ። ከሥሩ፦ «መቅዲዬ፣ የዘንድሮን እሸት እይልኝ።» ስልኩ ሦስት ከአርባ ሁለት ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ከአርባ ሁለት።

የወርቂቱን ተስፋ ውሃ በላው። ገዳዩ ሊሆን ይችላል ያለችው ሰው በዚያች ሰዓት አጋሮ ቆሞ እየሳቀ ነው። ቢሆንም ስልኩን አልመለሰችም።

«እስከ ሰኞ አውሺኝ፣» አለቻት።

እሑድ ጠዋት አጋሮ ሄደች። ኮማንደሩ «ለምን ትለፊያለሽ?» ቢላት «እግሬን ላፍታታ» አለችው።

ቡና ማጠቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በላይ ነው። ከሩቅ ነው የሚሸተው። የተፈለፈለው ቡና ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ ተከምሮ ይፈላል፤ ላዩ አረፋ፣ ሥሩ ጥቁር ውሃ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ከታች ደግሞ ሴቶች ከዚያው ወንዝ ይቀዳሉ። ሎሚው አልበቃት አለ። አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ የመቅዲን ስልክ አወጣችና ዳግማዊ የቆመበትን ቦታ ፈለገች።

መጋዘኑን አገኘችው። ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ብቻ ቆሟል።

አልጋው ላይ ቡና የምትለቅም ሶረቲ የምትባል ሴት ነበረች። ወርቂቱ ጠጋ አለቻት።

«ጣሪያው የት ሄደ?»

«ነፋስ ወሰደው። ማክሰኞ። ቆርቆሮው ኮ እዚያ ጫቱ መሀል ነው የተገኘው። የመብራት ምሰሶውንም ጣለው፤ አጋሮ ሁሉ ከማክሰኞ ወዲህ ጨለማ ነው።»

ወርቂቱ ስልኩን አሳየቻት። «ይኼስ?»

ሶረቲ ሳቀች። «ኤዬ፣ ይቺ እኔ ነኝ፣ ቢጫ ሻሽ ያለችው። ያለፈው እሑድ ራሱ ነው ያነሳን።»

«አንስቶ ላከው?»

«በምን ይልካል? እዚህ ኔት የታል? ሁላችንም ጽፈን እናስቀምጣለን። ጅማ የሚወርድ ሲገኝ ስልካችንን በፌስታል ሰብስበን እንሰጠዋለን፣ አራግፎ ያመጣልናል።»

«ሐሙስ ዳግማዊ የት ነበር?»

«ቢሮው ውስጥ። በሩ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተዘግቶ ነው የዋለው። መኪናው ደጅ ስላለ ‹ተኝቷል› አልን። ትንሿ ስልኩ ግን ጮኸች፣ ጮኸች። ‹ይህ ሰው ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው የያዘው› አልኩ።»

«ትንሿ?»

«የባትሪዋ። ድሮ ለብርሃን ብቻ ነበር የሚይዛት፣ ሲም አልነበራትም። ማታ ደግሞ፣» አለች ሶረቲ እጇን ሳታቆም፣ «ሸሚዙን በገዛ እጁ ሲያጥብ አየሁት። አቶ ዳግማዊ ልብስ ሲያጥብ አይቼ አላውቅም። ያፏጭ ነበር ደግሞ።»

«ይህን ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዓርብ የመጣው ፖሊስ ‹መኪናው ነበር?› አለ። ‹ነበር› አልን። ሄደ።»

ከሰዓት በኋላ ሳቢሃ ሱቅ ገባች።

«አንድ ነገር አስረጂኝ፣ እኔ የስልክ ነገር አይገባኝም። እሑድ የተነሳ ፎቶ እንዴት ሐሙስ ይደርሳል?»

ሳቢሃ የራሷን ስልክ አነሳችና «አዳዳ ቡዳ አይብላዎት» ብላ ጻፈች። ለመቅዲ ስልክ ላከችው። ከጽሑፉ ጎን ትንሽ ሰዓት ተሳለች። «ይቺን ሰዓት አዩዋት? ‹አልሄድኩም፣ እየጠበቅሁ ነው› ማለቷ ነው። አሁን ከቦርሳዬ ልክተተውና ይምጡ።»

ሁለቱም ስልክ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ወደ ሆቴሉ ጀርባ ሄዱ። አጥሩ ሥር ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። ሳቢሃ ቦርሳዋን ሳትከፍት ግንቡን ተደገፈች። ጥቂት ቆየና ቦርሳው ውስጥ ጢት አለ፣ ወዲያው ሌላው መለሰ።

«እኔ ነካሁት?»

«አልነካሽም።»

«ስልክ አንዴ የገባበትን ዋይፋይ አይረሳም። የመቅዲም ስልክ ጅማ በመጣች ቁጥር እዚህ ገብቷል መሰለኝ፣ የእኔም ገብቷል። ሁለተኛ ሲደርስ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ራሱ ይገባል። ከገባ ደግሞ ሲጠብቅ የቆየውን ሁሉ ያራግፋል። እንዳይገባ ከፈለጉ ወይ ዋይፋዩን ያጠፉታል፣ ወይ የዋይፋዩን ስም ተጭነው ‹እርሳው› ይሉታል። ማን ይላል? ሰዉ ዳታ ተዘጋ ሲባል ስልኩ የደነቆረ ነው የሚመስለው።»

«ሲም ባይኖረውስ?»

«ዋይፋይ በሲም አይደል። ሲም አውጥተው ቢጥሉትም ይገባል።»

ወርቂቱ ግንቡን ይዛ ቆመች። የቆሙት ሰዎች የማንነቷን ነገር ጠርጥረው አንድ በአንድ መሾለክ ጀምረዋል።

«እነዚህ ናቸው፣» አለች ሳቢሃ በሹክሹክታ። «ሐሙስ ከኢርፋን ጋር የዋሉት። ቡና ጋብዟቸዋል፣ ሱሪያቸውን አሳጥሮላቸዋል። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ‹አናውቀውም› አሉኝ።» ምራቋን ግንቡ ላይ ተፋች፤ ወርቂቱ አልቆጣቻትም።

ኮማንደር ቲጃኒ እሑድ ማታ ቤቱ ሊሄድ ሲነሳ በር ላይ አገኘችው።

«ደብተሩን ከካዝና አውጣልኝ።»

«ኧረ ባክሽ፣ ወርቂቱ። ነገ ጠዋት ነው የሚሄደው።»

«አንድ ገጽ አንብበህ ሰው አስረሃል። እኔ ሁሉንም አንብቤ ብሳሳት ምን ታጣለህ?»

አወጣላት። ወንበር ሳትስብ ቆማ ገለጠች። ጎረቤት፣ ቄስ፣ ፋንቱ፤ የተፈቀደለት፣ የተዘጋ፣ ምክንያቱ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ሁለቴ አነበበችው። ዘጋችና ብብቷ ሥር ያዘችው።

«ምን አገኘሽ?»

«ነገ ይነበብልሃል። አሁን ብነግርህ ራትህ አይወርድልህም።»

ሰኞ ሠልስት ነው። ድንኳኑ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቷል። ወርቂቱ ዳግማዊን ወደ ሳሎን አስገባችው። መቅዲና ኮማንደሩ ቀድመው ተቀምጠዋል። ሳቢሃ የጋሽ ሣህሉን ታብሌት ጭኗ ላይ ይዛለች። ሶፋው ያው ሶፋ ነው፤ ትራሱ ብቻ የለም። ዳግማዊ ሊቀመጥበት ብሎ ተወው።

«ሲምህን መቼ ነው ወደ ባትሪዋ ስልክ ያዛወርከው?» አለች ወርቂቱ።

«የምን ሲም?»

«ሐሙስ አጋሮ ቢሮ ውስጥ ስትጮህ የዋለችው። መቅዲ ናት የደወለችው።»

«ተኝቼ ነበር። አንዳንዴ አዘዋውራለሁ። ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ለመቅዲ የላክኸው ፎቶ ላይ ጣሪያ አለ። ሐሙስ ጣሪያው የለም። እሑድ አነሳኸው፤ ላክ ብለህ ነካኸው፤ ስልክህ ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ ሰነበተ። ሐሙስ ዘጠኝ ከአርባ ሁለት ላይ ሄደ። ከየት ሄደ?»

«ከአጋሮ ነዋ። ካንዱ ሆቴል።»

«አጋሮ ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት የለም። ሳቢሃ፣ አንብቢው።»

ሳቢሃ ታብሌቱን አቀናች። «ሐሙስ የገቡት እዚህ ተዘርዝረዋል። ‹ዳጊ ቡና› የሚል ስልክ አለ። ዘጠኝ ከአርባ አንድ ገባ። አሥር ከሃያ ወጣ።»

«እኔ የገባሁት ድንኳን ውስጥ ነው፣» አለ ዳግማዊ። «ሁሉም ሰው ገብቷል። ቃሉ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ የለ።»

«ድንኳኑ የተተከለው ዓርብ ነው፣» አለ ኮማንደሩ። ድምፁ ተለውጧል።

ዳግማዊ ከንፈሩን ላሰ። አንዴ ዋይፋዩን፣ አንዴ ታብሌቱን አየ። ከዚያ፣ የተበደለ ሰው ይመስል፣ ፊቱ ቀላ።

«ሊሆን አይችልም። እኔ ተዘግቻለሁ። ኩርፊያ የያዘውን ሁሉ ነው የሚዘጋው፣ አገር ያውቃል። ‹ቡና ጠጣ› ሲባል እንቢ ያለውን፣ ሰላምታ ያጎደለውን፣ ሁሉን። ከእኔ በላይ ማንን ይዘጋል? እኔ ኮ ከሁሉ በፊት ነው የምዘጋው፣ ለዚያ ነው...»



«ለዚያ ነው ስልኩን ያላጠፋኸው፣» አለች ወርቂቱ። «መኪናህን ደጅ ትተህ በሚኒባስ ለመውረድ፣ ሲሙንም ለማውጣት ብልህ ነበርክ። ለዋይፋዩ ግን ተዘግቻለሁ ብለህ ተማመንክ።» ደብተሩን ከብብቷ አውጥታ ለመቅዲ ሰጠቻት። «ሁለተኛው ገጽ። የአባትሽን እጅ ጽሕፈት አንቺ አንብቢው።»

መቅዲ አነበበች። መጀመሪያ በዓይኗ፣ ከዚያ በተዘጋ ድምፅዋ።

«‹ዳግማዊ፣ የወንድሜ ልጅ። ተኳርፈናል። የእሱ አይዘጋ። ሲመጣ ስልኩ ራሱ ይግባ፣ ቃል እንዳይጠይቅ። መጠየቅ ያፍራል።›»

ከድንኳኑ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ዳግማዊ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ የት እንደተቀመጠ እንኳ ያወቀ አይመስልም።

«ሻይ አቀረበልኝ፣» አለ በመጨረሻ። «ከመሬቱ እንዳያስወጣኝ ለመንኩት። ‹ጫቱን ንቀል፣ ያኔ እንነጋገራለን› አለኝ። እያኘከ፣ ጥርሱ እየተንቋቋ። ሽማግሌ ነው ኮ። ስንት ዓመት ሊኖር? ሁለት? ሦስት? ለሁለት ዓመት ዕድሜ ነው ይኼ ሁሉ ጣጣ?»

«ልመናህ ስድስት ሰዓት ላይ ሲምህን ከማውጣትህ በፊት ነው በኋላ?»



«ኢርፋንስ?» አለች ሳቢሃ። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

ዳግማዊ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፣ ማን እንደሆነች ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል። «እሱ ገና ወጣት ነው፣» አለ። «ታስሮ ይወጣ ነበር።»

ወርቂቱ ሎሚዋን ከኪሷ አውጥታ አፍንጫዋ ድረስ አደረሰችውና መልሳ አወረደችው። ለዚህ ሎሚ አይበቃም።

«ውሰዱት፣» አለ ኮማንደር ቲጃኒ። እያሰሩት ሳለ ዞር ብሎ ለወርቂቱ «የልጁን መፍቻ ወረቀት ቢሮ ደርሼ እፈርማለሁ» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ሳቢሃ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ለማንም ሳትሰናበት፣ እንደ እርጉዝ ሳይሆን እንደ ኮረዳ እየተጣደፈች ወጣች።

ዳግማዊን በድንኳኑ መሀል አድርገው ሲያወጡት ወርቂቱ በመስኮት አየች። ሦስት አራት ሰው ቀና ብሎ አይቶ መልሶ አቀረቀረ። ሌላው ስልኩ ላይ ነው። አንዱ፣ እጁ የታሰረው ሰው እግሩን ስለረገጠው፣ ሳያይ «ይቅርታ» አለና ጣቱን ማንሸራተት ቀጠለ።

«ይህ ዕቃ ኤግዚቢት ነው፣» አለች ወርቂቱ። ዳንቴሉን አንስታ አጠፈችና ለመቅዲ ሰጠቻት። ከዚያ የዋይፋዩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። አረንጓዴዋ መብራት ድርግም አለች፣ ሁለተኛ አልበራችም።

ድንኳኑ ውስጥ አንገት ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከውስጥ የመቅዲ ልቅሶ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ደጅ ተሰማ።

«ጠፋ እንዴ?» አለ ያ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ፣ በሩ ላይ ዕቃውን ታቅፋ ለቆመችው ሴት።

«አዎ፣» አለችው ወርቂቱ። «ባለቤቱ ሞተዋል።»